አንድ ልክ፣ አንድ ሜትር ጨርቅ፦ ለልጄ ቀሚስ መስፋት የተማርኩበት መንገድ

የመጀመሪያውን ቀሚስ ሰፍቼ የጨረስኩት በጳጉሜን የመጨረሻው ማታ ነበር። ልጄ ያን ጊዜ አራት ዓመቷ ሲሆን፣ የእንቁጣጣሽ ዕለት ከሰፈሩ ልጃገረዶች ጋር አበባየሆሽ ስትል የምትለብሰው ቢጫ ቀሚስ እኔው ራሴ የሰፋሁት እንዲሆን ቃል አስገብታኝ ስለነበር፣ እናቴ የሰጠችኝን በእጅ የሚዞር ሲንጀር መኪና ከአልጋ ሥር አውጥቼ ሦስት ሌሊት አመሸሁበት። ቀሚሱ ተተኮሰ፣ በመስቀያ ተሰቀለ፣ ለእኔም ዓይን ያማረ መሰለኝ። ጠዋት ላለብሳት ስል ግን የአንገቱ ቅድ ግንባሯ ላይ ሲደርስ ቆመ። ወደ ታች ብስበው ጆሮዎቿን ያዘ፤ ወደ ላይ ልመልሰው ስል ደግሞ ሹሩባዋ ከስፌቱ ጋር ተያያዘ፤ እሷም ከጨርቁ ውስጥ ሆና «እማዬ፣ ጭንቅላቴ አልገባ አለ!» እያለች ትጮሃለች። በመጨረሻ ከኋላ በኩል አራት ጣት ያህል በመቀስ ቀደድኩት፤ የቀደድኩትን በመርፌ ቁልፍ አያያዝኩና ከላይ ነጠላ አልብሼ ላክኋት። ማንም አላየም፤ እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ሳስብ የዋልኩት ስለዚያች መርፌ ቁልፍ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አራት ዓመት አልፏል፤ ለልጄና ለእህቴ ልጅ የሰፋኋቸው ቀሚሶችም ከሃያ አያንሱም። ሙያዬ የሒሳብ ሥራ እንጂ ልብስ ስፌት አይደለም፤ የትም ገብቼ አልሠለጠንኩም። ይህን የምጽፈው መኪና በቤቱ እያለ፣ ወይም ከዘመድ ሊዋስ እየቻለ፣ ጨርቅ ለመቅደድ እጁ ለሚፈራ እናት ወይም አባት ነው። ከራሴ ያየሁትና አስቀድሜ ልናገረው የምወደው፣ ጀማሪን የሚያደክመው በየጊዜው አዲስ ሞዴል ማሳደዱ መሆኑን ነው። እኔ እጄ የተፈታው ያማረኝን ሁሉ መሞከር ትቼ፣ ለልጄ አንድ የወረቀት ልክ፣ ማለትም ጨርቁ የሚቀደድበትን የወረቀት ቅርጽ፣ አውጥቼ፣ እሱኑ እያረምኩ ስምንት ጊዜ ያህል ከሰፋሁ በኋላ ነው። የጨርቁ ቀለም ይለወጥ፣ ኪስ ይጨመር፣ የቀሚሱ ርዝመት ይለያይ እንጂ ልኩ ያው ነበር፤ በዚህም ምክንያት ስህተቴ የት እንዳለ በየጊዜው ይታየኝ ነበር።

ርካሽ ይሆናል ብሎ የሚጀምር ሰው ካለ ግን ከወዲሁ ቢያውቀው ይሻላል። ከቦንዳ የሚገኝ የጥጥ ቀሚስ ብዙ ጊዜ ከብትን ጨርቁ ዋጋ በታች ይገኛል፤ ክሩን፣ ቁልፉንና ያመሹበትን ሰዓት ቢደምሩበት ደግሞ ልዩነቱ ይሰፋል። እኔ የምሰፋበት ምክንያት ሌላ ነው። ልጄ ቆዳዋ ቶሎ ይቆጣል፤ በየሱቁ የሚሸጡት የበዓል ቀሚሶች አብዛኞቹ በላስቲክነት የሚቀርብ ሰው ሠራሽ ጨርቅና የሚያሳክክ ገበር ያላቸው በመሆናቸው፣ ለብሳ ሰዓት ሳትቆይ ብብቷን ማከክ ትጀምራለች። በተጨማሪም ቀጭን ሆና ረዘም ያለች ልጅ ስለሆነች፣ በወገቧ የሚሆናት ቀሚስ ከጉልበቷ ላይ ይቀራል፤ በርዝመቱ የሚሆናት ደግሞ ከትከሻዋ ይወርዳል።

ስለ ጨርቅ ስናገር ትንሽ ልዘገይ፤ ምክንያቱም ከሰፋኋቸው መካከል የተበላሹት አብዛኞቹ የተበላሹት ገና መርካቶ ሳለሁ ነው። ለጀማሪ የሚስማማው መካከለኛ ውፍረት ያለው የጥጥ ፖፕሊን ነው፤ ጣት ሲያስታጥፈው ታጥፎ ይቆያል፣ ጨርቁን ከሚጫነው ከመኪናው እግር ሥርም አይንሸራተትም። ሳቲንና የሚያንሸራትት ነገር ሁሉ ለኋላ ይቆይ። ቼክ ጨርቅም ያምራል፣ ነገር ግን መስመሮቹ በጎን ስፌቱ ላይ ካልተገናኙ ቀሚሱ የተጣመመ ይመስላል፤ ለማገናኘት ደግሞ ጨርቅም ትዕግሥትም ይበላል። ትናንሽ አበባ የተዘራበት ጨርቅ ግን የስፌት ጉድለትን ይሸፍናል፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ቀሚሶች በዚህ ብትሰፉ አትቆጩም።

ነጋዴው «ንጹሕ ጥጥ ነው» ቢልም እኔ ከዳሩ ጥቂት ክሮች መዝዤ እጠይቀውና በክብሪት አቃጥላቸዋለሁ። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነድዳል፣ እንደ ተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ የሚተወውም ጣት ሲነካው የሚበንን ለስላሳ አመድ ነው። ፖሊስተር ግን ከእሳቱ እየሸሸ ይኮማተራል፣ ይቀልጣል፣ ሲቀዘቅዝም ጠንካራ ጥቁር እንክብል ይሆናል። ድብልቅ ጨርቅ ሁለቱንም ያሳያል። ይህን የማደርገው ለልጄ ቆዳ ብቻ ብዬ አይደለም፤ ቤታችን ውስጥ ቡና ሲፈላ ከሰል ምድጃው ወለሉ ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ልጅ ደግሞ ከረከቦቱ አጠገብ አትጠፋም። ጥጥም ቢሆን በእሳት ይያዛል፤ ሰው ሠራሹ ግን ቀልጦ ቆዳ ላይ ስለሚጣበቅ ይበልጥ ያስፈራኛል። ስለዚህ የቤት ቀሚሷ ከጉልበቷ ብዙ እንዳይወርድ፣ እጅጌውም እንደ ክንፍ ሰፍቶ እንዳይንዘረፈፍ እጠነቀቃለሁ።

ጨርቁ ከተገዛ በኋላ ሳይታጠብ አይቀደድም። ያልታጠበ ጥጥ መጀመሪያ ውኃ ሲነካው እንደ ዓይነቱ ከመቶ 3 እስከ 5 ያህል ሊገባ ይችላል፤ በ60 ሴንቲ ሜትር ቀሚስ ላይ ይህ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ሁለተኛው ቀሚሴ በዚህ ምክንያት ከአንድ እጥበት በኋላ ለእህቴ ልጅ ተላልፏል። አሁን ጨርቁን እንደ ልብሱ አጥቤ፣ አስጥቼ፣ ጥቂት እርጥበት እያለው ተኩሼ ነው ጠረጴዛ ላይ የምዘረጋው። ቀይና ጥቁር ሰማያዊ ከሆነ ደግሞ ለብቻው ይታጠብ፤ ቀለም ይለቃል።

መኪናዬ አሮጌ ነው፤ ነገር ግን መብራት ሲጠፋ አይቆምም። በእጅ የሚዞር መኪና ያላችሁ ሰዎች እንደምታውቁት ቀኝ እጅ መዘውሩን ስለሚያዞር ጨርቁን የምትመራው ግራ እጅ ብቻ ናት፤ ስለዚህ ከመስፋት በፊት በስፒል ወይም በእጅ በረጃጅም ስፌት ማያያዝ ግድ ይላል። መጀመሪያ ላይ ሲከብደኝ የወጥ ቤት ዘይት ጠብ አድርጌበት ነበር። ለሁለት ቀን እንደ ቅቤ ተንሸራተተ፤ ከወር በኋላ ግን ዘይቱ ደርቆ እንደ ሙጫ ስለሆነ መዘውሩ ጭራሽ አልዞር አለ። ያን ሙጫ በነጭ ጋዝ በተነከረ ጨርቅ እየጠረግሁ ያጠፋሁት ቅዳሜ እስካሁን ይቆጨኛል። የስፌት መኪና ዘይት ለብቻው ይሸጣል፤ ጥቂት ጠብታ ይበቃዋል፣ ከዚያም በብጣሽ ጨርቅ ላይ ጥቂት ሰፍቶ ትርፉን ዘይት ማስወጣት ነው።

መርፌውም እንዲሁ ችላ ይባላል። ለስስ ጨርቅ 70/10፣ ለፖፕሊን 80/12፣ ለካኪና ለጅንስ 90/14 ወይም 100/16 ይስማማል። መርፌ የሚጣለው ሲሰበር ብቻ ነው ብዬ አስብ ስለነበር በአንድ መርፌ ዓመት ሙሉ ሰፍቻለሁ፤ የደነዘ መርፌ ግን ክር ይዘልላል፣ ጨርቁንም እየሳበ ያኮማትራል። ሌላው ጀማሪን የሚያስለቅሰው ከጨርቁ በታች ክሩ እንደ ጎጆ ሲከመር ነው። ችግሩ ታች ስለሚታይ ሰው የታችኛውን ክር እየፈታ ይሠቃያል፤ መንስኤው ግን አብዛኛውን ጊዜ የላይኛው ክር በመወጠሪያው ውስጥ በትክክል አለመግባቱ ነው። የመኪናውን እግር ከፍ አድርጎ የላይኛውን ክር ከመጀመሪያው አንሥቶ እንደገና ማሳለፍ ብዙውን ጊዜ ይፈታዋል።

አሁን ወደዚያች ወደማትገባው አንገት ልመለስ። ከበዓሉ በኋላ ቀሚሱን ይዤ ሁላችንም ጋሼ እያልን ወደምንጠራቸው የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ሄድኩ። በረንዳቸው ላይ ከእግር መኪናቸው ጀርባ ተቀምጠው ነበር። ቀሚሱን ገለበጡት፣ የጎን ስፌቱን በአውራ ጣታቸው ጥፍር ከፈት አድርገው አዩና «ይህን ስፌት ካውያ ነክቶታል?» አሉኝ። መጨረሻ ላይ ተኩሼዋለሁ አልኳቸው። «መጨረሻ ላይ አይደለም፤ አንድ መስመር ሰፍተሽ ሌላ መስመር ሳታቋርጭበት ነው የምትተኩሺው» አሉኝና በከሰል ካውያቸው ስፌቱን ሁለት ቦታ ከፍለው ደፈጠጡልኝ። ያ የተጨማደደ ጎን ወዲያው ቀጥ አለ። ስለ አንገቱ ስጠይቃቸው ደግሞ ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውልቀው ልጄን ጠሩና በግንባሯ ዙሪያ ለኳት፤ 50 ሴንቲ ሜትር። «አየሽ ልጄ፣ የሕፃን ራስ ከደረቷ ብዙም አያንስም። አንገቷን ለክተሽ ቀድደሽ ራሷ በየት ይግባ?» አሉኝ።

ነገሩ ይኸው ነው። የአራት ዓመት ልጅ አንገት ዙሪያ 27 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን ራሷ ወደ 50 ይጠጋል። ስለዚህ ወይ የአንገቱ ቅድ ራሷን እስኪያስገባ ይሰፋል፣ እንዲህ ከሆነም ትከሻዋ ላይ አይቆይም፤ ወይ ደግሞ ከኋላ ተከፍቶ በቁልፍ ይዘጋል። እኔ ሁለተኛውን መረጥኩ፤ የወረቀት ልኬም የተሠራው በዚህ ላይ ነው። በዚህ አጋጣሚ የአንገት ቅድ ሲጠብ ለማስፋት የምትቸኩሉ ሰዎች አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ዙሪያውን 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ብትቀንሱ የቅዱ ዙሪያ ወደ 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይጨምራል። ሒሳቡን ተማሪ ሳለሁ በክብ ላይ ሠርቼዋለሁ፤ በጨርቅ ላይ ያስታወስኩት ግን አንድ ቀሚስ ከትከሻ ከወረደብኝ በኋላ ነው። ግማሽ ግማሽ ሴንቲ ሜትር እያሉ፣ እያለበሱ መቀነስ ይሻላል።

ልክ ለማውጣት በደንብ የሚሆናትን አንድ አሮጌ ቀሚስ መረጥኩና ለሁለት አጥፌ በአሮጌ አዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ ዘረጋሁት። ዙሪያውን በእርሳስ አሠመርኩ፤ ከዚያ ቀሚሱን አንሥቼ መስመሮቹን በማስመሪያና በእጄ አስተካከልኩ። የጋዜጣ ቀለም ነጭ ጨርቅ ላይ እንደሚነካ ከዚያው ቀን ተማርኩ፤ አሁን ልኩን ወደ ወፍራም ቡናማ ወረቀት ገልብጬዋለሁ። በዚያን ጊዜ የልጄ ደረት 56 ሴንቲ ሜትር ነበር። መተንፈሻና መንቀሳቀሻ 8 ሴንቲ ሜትር ጨምሬ 64 አደረግሁት፤ የፊቱ ክፍል 32፣ የኋላው ሁለት ክፋዮች እያንዳንዳቸው 16 ማለት ነው። በፊቱ ላይ ለሁለቱ የጎን ስፌቶች አንድ ተኩል ተኩል ጨምሬ 35 አደርገዋለሁ። በኋላው ክፋይ ላይ ግን ለጎኑ አንድ ተኩል፣ ለመሃል ስፌቱ አንድ፣ ቁልፉ ለሚደራረብበት ደግሞ ሌላ አንድ ሴንቲ ሜትር ስለሚጨመር 19 ተኩል ይሆናል። ከትከሻ እስከ ወገብ 24፣ ከወገብ እስከ ጉልበት 32 ነበር። የቁልፉን መደራረቢያ የሚረሳ ሰው ቁልፉ የሚገናኝለት እንጂ የሚዘጋለት ቀሚስ አያገኝም፤ እኔ አንድ ጊዜ ረስቼ በጀርባዋ መሃል የሚታይ ክፍተት ስለቀረ ሪባን ሰፍቼ ሸፍኜዋለሁ።

ስፋቱ 115 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፖፕሊን ከሆነ፣ ለዚህ ቀሚስ አንድ ሜትር ይበቃል፤ እንዴት እንደሚበቃም ላስረዳ። የታችኛው ክፍል ሙሉውን የጨርቁን ስፋት ይወስዳል፣ ቁመቱም 32 ሲሆን ለመቀምቀሚያ 6፣ ለወገብ ስፌት 1 ተጨምሮ 39 ይሆናል። የላይኛው ክፍል የፊቱም የኋላውም በአንድ ረድፍ ጎን ለጎን ስለሚቀመጥ 26 ሴንቲ ሜትር ቁመት ይበቃዋል። ገበሩ ደግሞ ሌላ 26 ይወስዳል። በጠቅላላው 91 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ጨርቁ በመቶ 5 ቢገባ እንኳ 95 ይቀራል። የቀረችው ብጣሽ ለቁልፍ መሞከሪያ ትሆናለች። ልኩን ስታስቀምጡ ቁመቱ ሁልጊዜ በድሩ በኩል፣ ማለትም ከጨርቁ ዳር ጋር ትይዩ ይሁን፤ ጨርቅ ለመቆጠብ ብዬ አንድ ጊዜ ኋላውን አግድም ብቆርጠው ከታጠበ በኋላ ፊቱና ጀርባው እኩል ስላልገቡ ጎኑ ተጎተተ።

የላይኛውን ክፍል ሙሉ ገበር የማደርገው ለጌጥ ብዬ አይደለም። ቤቴ ዳር የሚዘመዝም ኦቨርሎክ መኪና የለም፤ ገበር ከገባ ግን የአንገቱም የብብቱም ጥሬ ጠርዝ ከውስጥ ተደብቆ ይቀራል፣ የልጅን ቆዳ የሚነካ ሸካራ ስፌትም አይኖርም። አሠራሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ የውጩ ጨርቅ ትከሻዎች ይሰፋሉ፤ የገበሩም ትከሻዎች እንዲሁ። ሁለቱ ፊት ለፊት ተገጣጥመው የኋላው መክፈቻ፣ አንገቱና ሁለቱ ብብቶች በ1 ሴንቲ ሜትር ርቀት ይሰፋሉ፤ ጎኖቹ ግን ክፍት ይቆያሉ። ክብ በሆነው ቦታ ሁሉ ትርፉን በመቀስ ጫፍ እስከ ስፌቱ ጠጋ ድረስ ነከስ ነከስ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ይህ ካልተደረገ አንገቱ ሲገለበጥ ይቆማል፣ ይጨማደዳልም። ከዚያ የኋላ ክፋዮቹን አንድ በአንድ በትከሻው ጠባብ መንገድ ውስጥ አሳልፎ ወደ ፊት መሳብ ነው። መጀመሪያ ጊዜ ሳደርገው አይሆንም ብዬ ልተረትረው ነበር፤ ከትከሻው ውስጥ ጨርቁ ቀስ እያለ ወጥቶ የተስተካከለ ብብት ሲሆን ሳይ ግን ልጄን ጠርቼ አሳየኋት። በመጨረሻ የውጩ ጎንና የገበሩ ጎን በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ይሰፋል።

የታችኛው ክፍል ሽብሽብ ነው። የጨርቁ ስፋት 115፣ ወገቡ 64 ስለሆነ ሁለት እጥፍ ሊሆን ትንሽ የጎደለው ሽብሽብ ይወጣል፤ ለፖፕሊን ከዚህ በላይ ሲበዛ ወገቡን ያወፍራል። መኪናው ላይ ያለውን ረጅሙን ስፌት መርጬ ከጠርዙ አጠገብ ሁለት ትይዩ መስመሮች እሰፋለሁ፣ ጫፋቸውን አላሥርም፤ ከዚያ ከታች ያሉትን ሁለት ክሮች ይዤ ቀስ አድርጌ እስባለሁ። ከመሳቤ በፊት ግን ወገቡንም ጨርቁንም ለአራት ከፍዬ በጠመኔ ምልክት አደርጋለሁ፤ ምልክት ከምልክት ጋር ሲገጥም ሽብሽቡ አንድ ቦታ አይከማችም። አንድ መስመር ብቻ ሰፍቶ መሳብም ይቻላል ይላሉ፤ እኔ ግን ክሩ ተበጥሶብኝ ሁሉንም እንደገና ስለሠራሁ አልመክርም። ሽብሽቡ የሚሰፋው ከውጩ ጨርቅ ጋር ብቻ ነው፤ የገበሩ ታች ታጥፎ ስፌቱን ሸፍኖ በእጅ ይያዛል።

ስፒልን በተመለከተ አንድ ምክር አለኝ። ስጀምር ሃያ ስፒል ቆጥሬ ሲኒ ማስቀመጫ ላይ አደርጋለሁ፣ ስጨርስም እንደገና እቆጥራለሁ። አንድ ጊዜ ሳልቆጥር ያለበስኳት ቀሚስ ገበር ውስጥ ስፒል ቀርቶ ወገቧን ወግቷታል፤ ከዚያ በኋላ ለሳምንታት አዲስ ቀሚስ ሳለብሳት መጀመሪያ በእጇ እየዳሰሰች ትፈትሽ ነበር።

ኋላው በሦስት ቁልፎች ይዘጋል። የቁልፍ ቤት የሚሠራ መኪና ስለሌለኝ በእጅ እሰፋለሁ፤ ይህን ገና በደንብ አልተካንኩበትም፣ ለበዓል የሚሆነውን ለጋሼ እሰጣቸዋለሁ። ቁልፍ ሲሰፋ ልጅቷ ትንሽ ከሆነች፣ ወይም ቤት ውስጥ ሁሉን ወደ አፉ የሚያስገባ ሕፃን ካለ፣ ክሩ ደጋግሞ መጥበቅ አለበት፤ ሰፍቼ ስጨርስ በኃይል እየሳብኩ እፈትነዋለሁ።

ከቁልፍ ይልቅ በአንገት ላይ የሚሳብ ክር አድርጎ ማሰር ለመስፋት እጅግ የቀለለ ነው፤ አንድ ቀጥ ያለ ጨርቅ፣ ላዩ ላይ የክር መንገድ፣ አለቀ። እኔም አንድ ሰፍቼ ነበር። ልጄ አንድ ቀን ከሸርተቴ ላይ ስትወርድ የክሩ ጫፍ ተይዞ ካየሁ በኋላ ግን ተረተርኩት። በአውሮፓ ኢኤን 14682 የተባለው የልጆች ልብስ ደረጃ ከ7 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች በአንገትና በኮፍያ በኩል የሚሳብ ገመድ እንዳይኖር የሚከለክለው ለዚሁ ነው። በክሩ ፈንታ 1 ሴንቲ ተኩል ስፋት ያለው ላስቲክ በመርፌ ቁልፍ እየተመራ ይገባል፤ የትከሻ ማንገቻው ደግሞ በሁለቱም ጫፍ ይሰፋል እንጂ አይታሠርም። ይህ ለቤት የሚሆን ቀላል ቀሚስ ነው፤ ከሁለት ሰዓት በላይ አይፈጅም።

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባል የለ፤ ባለፈው ዓመት ልጄ የሐበሻ ቀሚሷንም እኔ እንድሰፋላት ጠየቀች። ከሽሮ ሜዳ ባለ ጥለት የሸማ ጨርቅ ገዛሁ። ከፖፕሊን ጋር የለመደ እጅ በሸማ ላይ ይደነግጣል፤ ጨርቁ ልል ስለሆነ መቀስ እንደነካው ድሩና ማጉ መፈታታት ይጀምራል፣ 1 ሴንቲ ሜትር የተተወለት ስፌት በአንድ ቀን ጭፈራ ሊያፈገፍግ ይችላል። እኔ 2 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ተውኩ። ጎኖቹን ደግሞ ሁለት ጊዜ ሰፋኋቸው፤ መጀመሪያ የጨርቁ ጀርባ ከጀርባ ተገጥሞ፣ ፊቱ ወደ ውጭ ሆኖ ይሰፋል፤ ትርፉ ይቀነሳል፤ ከዚያ ተገልብጦ ያ ጥሬ ጠርዝ በውስጥ እንዲዘጋ ሆኖ እንደገና ይሰፋል። ጥለቱ በታችኛው ጠርዝ ላይ እንዲውል አድርጌ ስለቀደድኩ መቀምቀም አላስፈለገም። ጥቅሙ ይህ ነው፤ ጉዳቱ ደግሞ በኋላ የሚለቀቅ ነገር አለመኖሩ ነው። ስለዚህ ከወገቡ በላይ፣ በውስጥ በኩል፣ 4 ሴንቲ ሜትር የምትውጥ አንድ እጥፋት ሰፋሁ፤ መቀነት ሲታሠር አትታይም፣ ለሚመጣው ጥምቀትም ትተረተራለች።

በዚህ ዕድሜ ያለች ልጅ በዓመት 6 ወይም 7 ሴንቲ ሜትር ታድጋለች፤ የምታድገው ግን በአብዛኛው ወደ ላይ ስለሆነ የደረቱ ልክ ሁለት ዓመት ሊያገለግል ይችላል። በፖፕሊኑ ቀሚስ ላይ 6 ሴንቲ ሜትር የቀመቀምኩት ለዚህ ነው፤ በመኪና ሳይሆን በእጅ፣ ክሩ ከፊት እንዳይታይ ከድሩ አንድ ሁለት ክር ብቻ እየያዝኩ። በመኪና የተቀመቀመ ጠርዝ ሲተረተር የመርፌው ቀዳዳዎች ተደርድረው ይቀራሉ።

በእጅ የተቀመቀመውም ቢሆን ሲለቀቅ ድሮ ታጥፎ የነበረበት መስመር ይታያል። ይህን ለማጥፋት ነጭ አቼቶ ከእኩል ውኃ ጋር ቀላቅዬ፣ መጀመሪያ በማይታይ ቦታ ቀለሙ እንደማይለቅ ፈትኜ፣ መስመሩን በጨርቅ አርስና በደንብ በጋለ ካውያ እተኩሰዋለሁ። እጥፋቱ ይጠፋል፤ ፀሐይ ያልነካው ጨርቅ ከነካው ጋር ያለው የቀለም ልዩነት ግን በአቼቶም አይጠፋም። ያች የመጀመሪያዋ ቢጫ ቀሚስ ባለፈው ነሐሴ ስትለቀቅ እንዲህ ሆነች፤ ላይዋ ነጣ ብሏል፣ ከታች 6 ሴንቲ ሜትሩ ገና እንደ አደይ አበባ ነው። አረንጓዴ ሪባን በመስመሩ ላይ ዙሪያውን ሰፋሁበት። ከኋላ በመቀስ የቀደድኩት ቦታ ዛሬ ገበርና ሁለት ቁልፍ አለው፤ የሚለብሳትም የእህቴ ልጅ ናት።